በመስታወቱ ውስጥ ያለው እጅ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን
ከፀጉር ቤቱ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» ስታነቢ ከንፈርሽን እንደምትነክሺ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ንከሺ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። «ትምህርቴን አቋርጬ መጥቼ ላስታምምህ ነው» ያልሽው መልእክት ደርሶኛል። መልሱን በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ሐሳቤ ሁሉ ይበተንብኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ ሰኞ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። መጋረጃውንም አልገለጥኩት። የከሰዓት ፀሐይ በጠርዙ ሾልካ ገብታ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እየተሻገረች ነው። እኔም የደንበኛ ወንበር ላይ ተንጋልዬ እሷን ሳይ፣ እንቅልፍ ይሁን ንቃት በማይለይ ነገር ውስጥ እቆያለሁ። አንዳንዴ አንቺ ትንሽ ሆነሽ፣ ወንበሩ ላይ ባጋደምኩልሽ ጣውላ ተቀምጠሽ፣ «አባዬ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው!» ስትዪ ይሰማኛል። ዘወር ስል ጣውላው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አምፖል ልቀይር ወጥቼ የወደቅሁትን ታውቂያለሽ። ያን ሰሞን የነበረው ሕመም ሐቀኛ ሕመም ነበር። የእጄ አንጓ ተሰብሯል፤ ሕመሙም «ተሰብረሃል፣ አትንካው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ጄሶው ሲፈታ ሕመሙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ ሻንጣውን ፈታና ቤተኛ ሆነ። ነፋስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። የሸሚዝ እጅጌ እንኳ ይከብደኛል። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው «አጥንቱ ገጥሟል፣ ድነሃል» ይሉኛል፤ እኔም የዳነ እጄን እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ሥራ ሰልችቶህ እንዳይሆን!» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን አንጀቴ ድረስ ተሰማኝ።

በመጨረሻ ወደ ቤተሰባችን ሐኪም ሄድኩ። በኩፍኝሽ ጊዜ ያከሙሽ፣ እናትሽንም እስከ መጨረሻዋ ያልተለዩዋት ሽማግሌ። «ስለ ጉንፋን እንጂ ስለዚህ ምን ያውቃሉ» ብዬ ነበር እስካሁን የቆየሁት። እሳቸው ራጁን ከፖስታው አላወጡትም። ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያመኛል ስል የሚያምነኝ ሰው ጠፋ» አልኳቸው።

«እኔ አምንሃለሁ። ሕመሙ እውነት ነው፤ ያለፈው አደጋው ነው።»

«ካለፈ ታዲያ ለምን አይተወኝም?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማህም? ነርቮችህ እባቡን አንዴ አይተዋል። አሁን ልጥ ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ። ቶሎ ብትመጣ ሥር ሳይሰድ እንይዘው ነበር፤ ቢሆንም አልረፈደም።» ከየቦታው የታዘዘልኝን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አዘረገፉኝና ቀን ሙሉ የሚያፈዘኝን ለይተው አስቀሩት። «ሁሉም እጅህን አውቀውታል፤ አንተን ግን አንድ ሰው ማወቅ አለበት» አሉኝ። ቀጥለውም «አንድ ጊዜ ምላጭ የቆረጠው ደንበኛ ሲመጣብህ ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምላጩን አላሳየውም። በማበጠሪያ እጀምራለሁ፤ ወሬም እይዘዋለሁ። አንገቱ ሲላላልኝ ነው ወደ ጢሙ የምሄደው።»

«እጅህም ያ ደንበኛ ነው» አሉ።

ከዚያ ምን ቢያዙልኝ ጥሩ ነው? መስታወት! ጠርዙን ወደ ደረቴ አድርጌ በሁለቱ እጆቼ መካከል አቆመዋለሁ። የታመመው ቀኝ እጄ ከጀርባው ይደበቃል፤ ግራው ከፊቱ ይንቀሳቀሳል። መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ግን ቀኝ እጄ ነው፤ ጤነኛ፣ ጣቶቹ እንደ ልብ የሚዘረጉ። «ዶክተር፣ እኔ ዕድሜዬን በመስታወት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ግራውን ቀኝ ብሎ የሚያታልለኝ መስታወት ገና አልተሠራም» ብዬ ሳቅኩባቸው። «አንተን ማን ፈለገህ? የምናታልለው እጅህን ነው» አሉኝ።

በመጀመሪያው ሰሞን ምንም ለውጥ አልነበረም። አንድ ከሰዓት ግን ፀሐይዋ መሃለኛው መስታወት ላይ ደርሳ፣ በግራ እጄ የያዝኩት መቀስ ዶክተሩ ባዘዙልኝ መስታወት ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ፣ ከጀርባ የተደበቀው እጄ ጥላ ሥር እንደገባ ቀዝቀዝ አለልኝ። ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አላልኩም፤ ብነቃ የሚጠፋብኝ መስሎኝ። አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

አሁን እጅጌውን ችዬዋለሁ። ማበጠሪያም እይዛለሁ። የዶክተሩን የማጅራት ፀጉር ራሴ አስተካከልኩላቸው፤ ወደ ግራ ትንሽ አዘነበለ። «ከኋላዬ ስለሆነ እኔ አላየውም» ብለው ሄዱ። ምላጭ ገና ነው። እሳቸውም አልዋሹኝም፤ ሕመሙ ጨርሶ ላይለቀኝ ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ እንዳያዝዝ ማድረግ ግን ይቻላል ብለውኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቀጠሮዬ «ሕመሙ መቼ ይቀልልሃል?» አሉኝ።

«ልጄ ስትደውል።»

«መቼ ይብስሃል?»

«ስልኩ ሲዘጋ።»

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ስለ እጄ።»

«ሌላስ?»

ሌላ ነገር ፈለግሁ። ብዙ ፈለግሁ። «ስለ እጄ መድኃኒት» አልኳቸው። አልሳቁም።

ልጄ፣ ከመውደቄ በፊት ስልካችን «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» «በርቺ» ብላ የምታልቅ ነበረች። እጄ ከታመመ ወዲህ ድምፅሽ ይለሰልሳል፤ ትጠይቂኛለሽ፤ ትቆዪልኛለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ አውርቶት ለማይጠግበውስ ምን ይሉት ይሆን? «መዳን ያስፈራሃል እንዴ?» አሉኝ ዶክተሩ። «እጄ ከዳነ ልጄ ምን ብላ ትደውልልኛለች?» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። እሳቸውም እጃቸውን በታመመው እጄ ላይ አሳረፉት። ማንንም ያላስነካሁት እጅ ነው፤ አላቃጠለኝም።

ስለዚህ ትምህርትሽን አታቋርጪ። ለእጄ ብለሽ እንዳትመጪ፤ እሱ ሐኪምም መስታወትም አለው። ስትጨርሺ፣ ስትናፍቂኝ፣ ያን ጊዜ ነዪ፤ እንዴት ደስ ይለኛል! ናፍቀሽኛል። ይህን በስልክ ብዬሽ አላውቅም፤ «ያመኛል» ማለት ይቀለኝ ነበር።

የክፍልሽ መስኮት ወደ የት ነው የሚያየው? ጠዋት ፀሐይ ታገኝሻለች? ፀጉርሽንስ ማን ያስተካክልልሻል? እንዴት ያለ አባት ነው ይህን ሳይጠይቅ የሚከርም! ሁሉንም ንገሪኝ።

ክፉ አይንካሽ። የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ።

እሑድ ስትደውዪ ስለ እጄ አትጠይቂኝ፤ እኔም አላነሳም። ወሬ ብናጣ ዝም እንበል። ዝም ብንልም ግን ስልኩን ቶሎ አትዝጊብኝ።

አባትሽ