አቶ አብኔር ኤሊ፦ ከወንዝ ድንጋይ እስከ እናት ዓለት

አቶ አብኔር ኤሊ ከአባታቸው ከአቶ ኤሊ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓባይነሽ፣ ከጂንካ ወጣ ባለ የአሪ መንደር፣ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። በጂንካ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ ምህረት ጋር ጋብቻ መሥርተው አምስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ማዕድን ሊያጠና በመጣ ቡድን ውስጥ ናሙና ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ከቀይ አፈር ከተማ እስከ ዲመካ ያሉትን ኮረብቶች በእግራቸው አዳረሱ። ድንጋይን በምራቅ አርጥቦ በፀሐይ ማየትን፣ በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት የለወጠውን ዓለት መለየትን እዚያው ቀሰሙ።

በ1989 ዓ.ም.፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላ፣ ከወንዝ ዳር ወርቅ የሚታይበት ነጭ ድንጋይ አነሡ፤ «እዚህ ወርቅ አለ» ብለውም ለመንደሩ ተናገሩ። ሃያ ሦስት አባወራዎች ቃላቸውን አምነው፣ የበቆሎ ዘራቸውን ትተው አምስት ወር ቆፈሩ። ምንም አልተገኘም፤ የዘሩም ወቅት አለፈ። አቶ አብኔር በቤተ ክርስቲያን በእሑድ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ድንጋዩን ያመጣው ውኃ ነው፤ የተፈለጠበትን እናት ዓለት ሳላይ ተናገርኩ» አሉ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ የነበሩት ጎረቤታቸው አቶ ኤርጎ ከዚያ ወዲህ ባገኟቸው ቁጥር፣ «አብኔር፣ ዛሬስ የት ልታስቆፍረን ነው?» ይሏቸው ነበር። አቶ አብኔር አብረው ይስቃሉ፤ ነገሩን ግን አልረሱትም።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወንዙን ሽቅብ ተከተሉ። ድቡልቡሉ ድንጋይ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ጠርዙ የተሳለው ግን ቤቱ ቅርብ ነው ይሉ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በኮረብታው ወገብ ላይ፣ በጥቁር ዓለት መካከል እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ የሚሄድ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ ሥር፣ የዚያን የወንዝ ድንጋይ እናት ዓለት፣ አገኙ። በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ዓይን ሳያየው ለመንደሩ አልተናገሩም።

በዓመቱ ልጃቸው ናርዶስ በውጭ አገር ጂኦሎጂ ተምራ ስትመለስ ቦታውን አሳዩዋት። ናርዶስ አላመነችም፤ የያዘችው ካርታ እዚያ ወርቅ አለ አይልም ነበር። «ካርታውን የሠራው ሰው እዚህ ድረስ ወጥቷል? በይ አስመርምሪው» አሏት። ከአሥራ ሁለት ቦታ ናሙና ተልኮ በአሥራ አንዱ ወርቅ ተገኘ። ወርቅ ባልተገኘበት ናሙና ከረጢት ላይ አቶ አብኔር አስቀድመው «ይህን እጠራጠራለሁ» ብለው ጽፈውበት ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የእነዚያው ሃያ ሦስት አባወራዎች ማኅበር ወርቅ የማውጣት ፈቃድ አግኝቶ ሥራ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

አቶ አብኔር ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ዛሬ ጠዋት የእድሩ ወጣቶች መቃብሩን ሊቆፍሩ ሲመጡ አቶ ኤርጎ ዶማውን ከእጃቸው ተቀበሉ። «ለአብኔር የምንቆፍረው እኛ ነን» አሉ። የማኅበሩ ሰዎችም ተከተሏቸው።

ምድርን የሠራ ጌታ ታማኝ አገልጋዩን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለቤተ ሰቡም መጽናናትን ይስጥ።