በአንድ ጣት የጠየቅኩህ ኳስ

ውድ ኤልዉድ፣

ቀብርህ ላይ ነበርኩ። ሚስትህ አዮን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቅፋኝ «ከቡድኑ ልጆች ሁሉ አንተን ነበር የሚያነሳው» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በጎዬን ስትሰማ የኖረችው ካንተ አፍ ነው። የደበቅኩትን ብታውቅ አታቅፈኝም ነበር።

አስራ ስድስት ዓመት በትንንሾቹ የቤዝቦል ሊጎች ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ተንከራተትክ። ከጨዋታ በፊት ጥፍርህን በሞረድ ስታስተካክል ልጆቹ «ሙሽሪት፣ ሠርጉ መቼ ነው?» ይሉሃል፤ አንተም «እናትህ እሺ ስትለኝ» ትላቸዋለህ። ኳሷን በጥፍርህ ቆንጥጠህ ስትለቃት ሳትሽከረከር፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ትመጣለች። የት እንደምትገባ መቺውም አያውቅ፣ አንተም አታውቅ፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብዬ የምቀልባት እኔ ያዡ አላውቅም። «ልጄ፣ አታሳዳት። ጠብቃት፤ ራሷ ትመጣለች» ትለኝ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመትህ ዋናው ሊግ ሲጠራህ እሷን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔንም ይዘኸኝ ወጣህ።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴንት ሉዊስ ላይ ስምንት ዙር ሙሉ መቺዎቹን አሰቃየሃቸው። ሁለት ለአንድ እየመራን ነው። በመጨረሻው ዙር ማስወጣት የቀረህ አንድ መቺ ብቻ ነው። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ግን ሯጭ ቆሟል፤ ኳሷ ካመለጠችኝ ሮጦ ገብቶ እኩል ያደርገናል። ያን ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ አምልጣኛለች። ከኋላዬ አንዱ ቢራውን ይዞ «አንተ ወንፊት! ባልዲ ይምጣልህ?» እያለ ሕዝቡን ያስቃል።

ፈራሁ። ላንተ አይደለም፣ ለራሴ ፈራሁ። በጉልበቶቼ መሃል አንድ ጣት ዘረጋሁ፤ ፈጣኗን ወርውር ማለቴ ነው። ያንተን ፈጣን ኳስ የኔ እናትም ትመታት ነበር፤ ራስህም ስሟን ስትጠራ ትስቃለህ። ለረጅም ጊዜ አየኸኝ። ራስህን ነቅንቀህ እምቢ ማለት ትችል ነበር። እሺ አልክ። መቺው አጥሩን አሻግሮ ላካት፤ ሯጩም እሱም ገቡና ሦስት ለሁለት ተሸነፍን።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ አሰልጣኛችን ዶምብሮስኪ በርጩማውን በእግሩ ገፍቶ «ያቺን የጅል ኳስ የመረጠው ማነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ አቀርቅሬ የእግሬን መከላከያ እፈታለሁ። ተፈትቶ አልቋል፤ እኔ ግን እፈታለሁ።

«እኔ ነኝ» አልክ። «ደከመኝ፤ ቶሎ እንገላገል ብዬ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ዕድሜህን ሙሉ ያበላችህን ኳስ ዛሬ ናቅካት?»

«ምን ታደርገዋለህ፣ እርጅና ነው።»

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። አንተ አልጮህክም፤ እኔም በዝምታህ ተመቸኝ። በማግስቱ አሰናበቱህ። አንተ ኬንታኪ ገብተህ የመኪና ጎማ ስትለውጥ እኔ ሰባት ዓመት ተጫወትኩ። ስልክ ስትደውል ሁሌ ልናገር እልና ስለ ዝናብ አወራለሁ።

ከቀብርህ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ለለቀስተኛው ድንች በአይብ ሲታደል ዶምብሮስኪ ምርኩዙን ተደግፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሽምግልና ተጫጭኖታል። አላስቻለኝም፤ አፍረጥርጬ ነገርኩት።

«ኳሷን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የተባረረው በኔ ነው።»

«ጣትህንማ የዚያኑ ዕለት ማታ በቴሌቪዥን አይቻታለሁ» አለኝ። «ባንተ አይደለም የተባረረው። ዋዜማውን፣ ቅዳሜ ነግሬው ነበር። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ሰኞ ሻንጣውን እንደሚይዝ ያውቃል። ‹ለልጁ እንዳትነግረው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል› ብሎ ለመነኝ።»

ሊያጽናናኝ ነው የነገረኝ። ጀርባዬንም ቸብ ቸብ አደረገኝ። እኔ ሳህኔን ይዤ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

ኤልዉድ፣ እንጀራህን የነጠቅኩህ ሲመስለኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያ የምትወረውርበት ጉብታ ላይ ስትቆም በሕይወትህ የምትወረውራት የመጨረሻ ኳስ መሆኗን ታውቅ ነበር። የለፋህባትን፣ የራስህን ኳስ ወርውረህ መሰናበት አማረህ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ያን ያህል ያየኸኝ። እኔ ግን ማንም የሚወረውረውን ኳስ ጠየቅኩህ። አንተም ለኔ ብለህ እሺ አልክ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ብትኖር «ተወው ልጄ» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን ልተወው አልችልም።

ያዥህ፣
ጋርላንድ ፕሩት