ስክሪኑ ላይ የቆመው ሰባ አራት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1990

ወተቱ ተደፋ። የጧቱ ምርት በሙሉ። ከማሸጊያ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ቦይ ነጭ ሆኖ ሲወርድ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። 

የላቦራቶሪዋ ሂሩት ከቀዝቃዛው ታንክ ናሙና ወስዳ ስትመረምር ወተቱ በበቂ ሳይሞቅ እንዳለፈ አገኘች። ደገመችው። ያው ነው። ሰባ ሁለት ዲግሪ ያልደረሰ ወተት ወደ ማሸጊያ መሄድ የለበትም። አንድ ሰዓት ዘግይታ ቢሆን ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ መኪና ላይ ተጭኖ በየሱቁ ደርሶ ነበር። አላህ ጠበቀን።

ፓስቸራይዘሩ ላይ፣ ማለት ወተቱን የሚያሞቀው ማሽን ላይ፣ የነበሩት ጋሽ ደቻሳ ናቸው። እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ያልሞቀውን ወተት ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭ አውቶማቲኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ መለዋወጫው እስኪመጣ በእጅ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእሳቸው ዓይን ላይ ነው የቆመው። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን አቶ ሙሉጌታ በሰው ፊት «ተኝተው ነበር» አሏቸው። ጋሽ ደቻሳ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ስክሪኑ ሰባ አራት ይል ነበር። አንዳንዴ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይቆማል» አሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

ከማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን እስከ ኮንትሮል ሩም ያለውን፣ ቁጥሩን ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰውን የኢተርኔት መስመር ባለፈው ክረምት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ከገባ ወዲህ ጋሽ ደቻሳ ማሽኑ ሥር መቆማቸው ቀርቶ መስታወቱ ኋላ ተቀምጠው ቁጥር እንዲያዩ ተደርጓል።

«እንደሱ ሊል አይችልም፣ ጋሽ ደቻሳ» አልኳቸው። ሳላስብ ነው ያልኩት። ሁሉም ሰምቷል።

ነገ የማየው፦ ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ፣ ሁለቱን ጫፎች፣ የኮምፒዩተሩን ካርድ። የላላ ነገር ባገኝ ደስ ይለኛል። የላላ ነገር የማንም ጥፋት አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጋሽ ደቻሳ ከማሽኑ ተነሥተዋል። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ሳጥን ማጠቢያ ተመድበዋል። በቦቲ ጫማ ውሃ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። ሰላም አልኳቸው። መለሱልኝ፤ ቀና ግን አላሉም።

ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞታል። ሂሩት በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና እየወሰደች ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ ምንም አይወጣም።

መስመሩን ፈተሽኩ። ገመዱ እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ጥቁርና ክብ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል መዝጊያ አለች፤ ተርሚኔተር እንላታለን። እሷ ከሌለች መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ተከትሎት የሚመጣውን ያበላሻል። ሁለቱም በቦታቸው ካሉና ገመዱ ጤነኛ ከሆነ በቴስተር ሲለካ ሃያ አምስት ኦም ገደማ ያሳያል። ለካሁ። ሃያ አምስት። ማገናኛዎቹን በሙሉ ነቀነቅኩ። አንድም የላላ የለም። ጥሩ ውጤት አግኝቼ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጻፍ። እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ክረምት ላይ፣ በሙከራው ሳምንት፣ ገመዱን በስህተት ነቅዬው ነበር። ስክሪኑ አልጠፋም። ቁጥሩም አልጠፋም። የመጨረሻውን ይዞ ቀጥ አለ፤ ያየው ሰው ማሽኑ በደህና እየሠራ ነው ይላል። ሊያሠለጥነን ለመጣው የውጭ አገር ባለሙያ አሳየሁት። ፕሮግራሙ እንደዚያ ነው፣ ግን ማስተካከያ አለው፣ ከመሄዴ በፊት እንለውጠዋለን አለኝ። ሄደ። እኔም አልለወጥኩትም፤ በሪፖርቴም አልጻፍኩትም።

ረሳሁት ማለት እችላለሁ። አልረሳሁትም። የመስመሩ ምረቃ ቀን ደርሶ ሁሉም እየተጣደፈ ነበር። ገመዱም ተቋርጦ አያውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጧት ወሎ ሰፈር ሰርቪስ ስጠብቅ አዲሱ ሞተር ትዝ አለኝ።

ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ያለው ትልቅ ሞተር ነው። የኃይል ገመዱን የዘረጉት ኤሌክትሪሺያኖች ከጣሪያው ሥር በተንጠለጠለው መደርደሪያ ላይ፣ ከእኔ ገመድ ጎን አስተኝተውታል። የመመሪያ መጽሐፉ አይደረግም ይላል። የኃይል ገመድ በዙሪያው ጫጫታ አለው፤ ጆሮ የማይሰማው፣ የእኔ ገመድ ግን የሚሰማው። በዚህ መስመር ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ገመድ ነው የሚነጋገሩት። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ሁለት ከተጋጩ ሁለቱም ዝም ብለው፣ ትንሽ ቆይተው ይደግማሉ። ጫጫታው ካልቆመ ግን ሲደጋግሙ ይቆዩና ይተዉታል።

እነሱ ለምን እዚያ አስተኙት? እኔ ቀድሜ እዚያ ስላስተኛሁ። የእኔ ለብቻው በቀዝቃዛው ክፍል ግድግዳ በኩል መሄድ ነበረበት። ግድግዳው መበሳት ነበረበት። ለዚያ የሚተርፍ ቀን አልነበረም። «ለጊዜው» ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምርት አብቅቶ በማሽኑ ውስጥ ውሃ ብቻ ሲያልፍ ሳጥን ማጠቢያ ሄጄ ጋሽ ደቻሳን ለመንኳቸው። ማሽኑ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር እንዲያነቡልኝ፣ እኔ ስክሪኑ ጋ ሆኜ በውስጥ ስልክ እንድንነጋገር። እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁና ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉኝ።

ሞተሩ ሳይነሣ ሁለታችንም ጋ ሰባ አራት። ሞተሩን አስነሣን። እንፋሎቱን ቀስ እያሉ እንዲቀንሱ ነገርኳቸው።

«ሰባ አንድ» አሉ። እኔ ጋ ሰባ አራት።

«ስልሳ ዘጠኝ።» ሰባ አራት።

«ስልሳ ስድስት። አንቺ ጋ ስንት ይላል?»

ስክሪኑን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። እንደገና ጠየቁኝ።

«ሰባ አራት» አልኩ።

 ቁጥሩ በእጅ ሰዓቴ አሥራ አንድ ደቂቃ እንደቆመ ቆየ። ሞተሩን ሲያጠፉት ስክሪኑ ነቅቶ በአንድ ጊዜ ስልሳ ሦስት ላይ ወደቀ።

ለአቶ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። በፒክአፕ እናድርስሽ ብለው ኦሎምፒያ ማኪያቶ ጋበዙኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሴት ጣሪያ ላይ አትወጣም ሲባል ተከራክረው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጾሙ ሰኞ ይገባል፣ የወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ መስመሩን አቁመሽ ገመዱን ትቀይሪያለሽ አሉ። ለኮሚቴው ግን መሣሪያው ተፈትሾ ገመዱ ደህና ሆኖ ተገኝቷል ብትዪ ይበቃል። ሃያ አምስት ኦም ለክተሽ የለ? አሉኝ።

ጋሽ ደቻሳስ አልኳቸው።

«እንዳይባረሩ እኔ እናገራለሁ። እሳቸው ሊያበቁ ነው፣ አንቺ መጀመርሽ ነው። አስቢበት፣ ሰዓዳ።»

አስብበታለሁ አልኩ። ማኪያቶውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት። የሚያሳፍረኝ ነገር፣ እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ በእርግጥም እያሰብኩበት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ተናገርኩ።

ሰብሳቢዋ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሴት ናቸው። ጋሽ ደቻሳ ጥግ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ የተጠራሁት ለቴክኒክ ምስክርነት ነው። ሰብሳቢዋ ገመዱ ጤነኛ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጤነኛ ነው አልኩ። አቶ ሙሉጌታ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ያስተኛሁበት ቦታ ነው ስህተቱ» አልኩ። ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። ስለ ሞተሩ፣ ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃ፣ ስለሚቆመው ቁጥር። ሰብሳቢዋ ቁጥሩ እንደሚቆም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ አሉ። ነበር፣ እኔ፣ ከክረምት ጀምሮ አልኩ። የማን ውሳኔ እንደነበር፣ ማን እንዳጣደፈ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። 

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ደቻሳን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሰኞ ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ለምን ሐሙስ ድረስ?»

 ወደ ማሽንዎ ይመለሱ የሚላቸው ሰው ስላልነበረ ወደ ሳጥን ማጠቢያው ሄዱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ሁሉም በሩ ላይ ቆሻሻ ያነዳል። ዓይኔ ቀልቶ ነው የገባሁት፤ በጭስ አሳበብኩ።

ጋሽ ደቻሳ ወደ ማሽናቸው ተመልሰዋል። እኔን በሚመለከት ውሳኔው በጽሑፍ ይደርስሻል ተባልኩ። መቼ? አይታወቅም። ምሳ ላይ ሁለት ሰዎች እኔ ስቀመጥ ተነሡ። ምናልባት ጨርሰው ይሆናል።

አባዬ እራት አለመብላቴን አየ። አሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ ብዙ አይጠይቅም። ሁሉንም ነገርኩት። ልጄ ኢንጂነር ናት እያለ ለሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው እሱ ስለሆነ ፊቱን ማየት ፈርቼ ነበር።

«ወተቱን የጠጣ ሰው አለ?» አለኝ።

የለም አልኩት።

«እንግዲያው ተኚ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አዲሱን መንገድ በወረቀት ሣልኩ። ያለኝ፦ አንድ ጥቅልል ገመድ። የብረት ቱቦ፣ ከመጋዘን። ትርፍ ማገናኛ ሁለት ብቻ፤ አንዱን ካበላሸሁ ከተማው ውስጥ የት እንደማገኝ አላውቅም።

ከክረምት ወዲህ ያመረትነውን ወተት ሁሉ እያሰብኩ ነው። ሂሩት የድሮ መዝገቦቿን አገላብጣ አንድም የወደቀ ናሙና እንደሌለ ነገረችኝ። ሞተሩ የገባው ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ለብቻ ደግማ እንድታያቸው ለመንኳት። አየቻቸው። ከሰኞው በቀር ደህና ናቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ ነው። ጎረቤቶቻችን ነገ ስለሚጾሙ ግቢው ሥጋ በሥጋ ሆኗል። እኔ ቀኑን ሙሉ የፕሮግራሙን መጽሐፍ ሳነብ ዋልኩ። ማስተካከያውን አገኘሁት። አንዲት መስመር ናት። ከአምስት ሰከንድ በላይ አዲስ ቁጥር ካልመጣ በቁጥሩ ፋንታ መስቀልያ ምልክት እንዲታይና ደወል እንዲጮህ ማዘዝ ይቻላል። አንዲት መስመር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መስመሩ ቆመ፤ ግድግዳው ተበሳ። የቀዝቃዛው ክፍል ግድግዳ ካሰብኩት በላይ ወፍራም ነው። አንድ መሰርሰሪያ ተሰበረ። ጋሽ ደቻሳ ሳልጠራቸው መጥተው መሰላሉን ያዙልኝ።  ገመዱን በቀዳዳው ሳሳልፍ በወዲያኛው በኩል የሚቀበለኝ አልነበረም። ከዚያ ገመዱ ከእጄ መሳብ ጀመረ። ዞሬ ሳይ አቶ ሙሉጌታ ናቸው፤ ኮታቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይስባሉ። «ቀስ፣ እንዳይታጠፍ» አልኳቸው። ቀስ አሉ። ስለ ሐሙስ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ማገናኛዎቹን አሰርኩ። አንዱም አልተበላሸም። እጆቼ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ደንዝዘው ስለነበር ይህን እንደ ድል እቆጥረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ያቺን አንዲት መስመር ኮምፒዩተሩ ላይ ካስገባሁ በኋላ፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ በውሃ ሞከርን። ሞተሩ ተነሣ። ሦስት ደቂቃ ደህና ነበር። ከዚያ ደወሉ ጮኸ፣ ስክሪኑ መስቀልያ ሞላ።

 ሁሉም እኔን ያያል። ሁሉንም ነገር ለዓመት ሙሉ እንደገና ስሠራ ታየኝ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ማሽኑ ሳጥን ላይ ያለው ማገናኛ ገብቷል እንጂ ዞሮ አልተቆለፈም፤ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ሸርተት ብሏል። አዞርኩት። ቀጭ አለ። ቁጥሮቹ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ፈረቃው ማብቂያ አልተቋረጠም። ሞተሩን ሰባት ጊዜ አስነሥተን አጠፋን። ኮሚቴው ባዘዘው መሠረት ጋሽ ደቻሳ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ማሽኑ ላይ ያለውንም ያነባሉ። ሁለቱ ሳይለያዩ ዋሉ።

«አሁን ቢያንስ ሲያቅተው ይናገራል» አሉኝ። ስለ ስክሪኑ ነው መሰለኝ።

ደብዳቤዬም ደረሰኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በማኅደሬ የሚቀመጥ። ቀጣዩን የማሸጊያውን መስመር የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። ይህኛው ግን በእጄ ይቆያል። አንብቤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀሎኛል ልበል? አላውቅም። መተንፈስ ግን ችያለሁ።

እስካሁን ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። አባዬ ከራት በኋላ ወተት ይጠጣል፤ የሚገዛው የእኛን ነው፣ ልጄ የምትሠራበት እያለ። ይህን ሳምንት ሙሉ እሱ ሳያየኝ ወጥ ቤት ገብቼ፣ የላስቲኩን ወተት ሁለቴ እያፈላሁ ነበር የምሰጠው። ዛሬ ላስቲኩን ቀድጄ እንዳለ ብርጭቆው ላይ ገለበጥኩለት።

ዛሬ ጣፈጠኝ አለ። እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ አየሁት።