የዘሀራ ውሎ

ደሴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ዘሀራ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ስለ ውሎዋ ግን ትንፍሽ አትልም። ዛሬ ጸጉሯን ልሠራት ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኳትና፣ አሁንስ የት ታመልጪኛለሽ ብዬ ጀመርኩ።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«አላውቅም።»

«ከማን ጋር ነው የምትቀመጪው?»

«አላውቅም።»

ተናደድኩና ሚዶውን ሳብ አደረግኩት።

«ወላሂ እማ፣ አንቺ ነሽ አላውቅም በይ ያልሽኝ!» ብላ አለቀሰች።

እውነቷን ነው። አባቷ ከኮምቦልቻ ከሥራ ሲመለስ፣ በሩን ዘግቶ የተከለከለውን የውጭ ሬዲዮ ይሰማል። ስለ ቤታችን የሚጠይቅሽን ሁሉ አላውቅም በይ ብዬ ያስማልኳት እኔው ነኝ። ልጅ ናት፣ ለእኔም ጭምር መስሏታል።

«ለእኔማ ይነገራል» ብዬ አባበልኳት። እንባዋን ጠረገች።

«አስተማሪው ትናንት፣ አባትሽ የትኛውን ሬዲዮ ይሰማል አለኝ።»

እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ።

«አንቺስ?»

«አላውቅም አልኩት። ከዚያ ሌሎቹንም ልጆች ስለየአባታቸው ጠየቀ።»

አልሐምዱሊላህ። ጎበዝ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። ሁለት ወር ሙሉ አውሪ እያልኩ ስለምናት ከርሜ፣ ዝም በማለቷ ሳምኳት። ሌሎቹ ልጆች ምን እንዳሉት ግን ለመጠየቅ አፌ እምቢ አለኝ።