ሦስት አሃዝ፣ ከዚያ ዜሮ

ግንቦት 4፣ ጧት
ዛሬም ደመና የለም። የመጋዘኑ በር በሰው ተጨናንቋል። ዩኒቨርሲቲው በአድማ ስለተዘጋ እኔ እዚህ መካነ ሰላም፣ የእርዳታ ጽ/ቤት ቆጣሪ ሆኛለሁ። መንደሮቹን በእግሬ ዞሬ ቆጥሬ ጨረስኩ። ጋሽ ሙሄ፣ የሬዲዮ ሠራተኛችን፣ ድምሩን ለአ.አ. ይነግራሉ፤ እህል በዚያው ልክ ይላካል። ደብተሬ፣ እግሬ ቆስሏል።

ግንቦት 7
ጋሽ ይመር ከገደል አፋፍ መጡ፤ ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው አብረው። እህሉ እነሱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ባለፈውም እንዲሁ። አልተቆጡም።
«ልጄ፣ ቆጥረሽን አልነበር?»
ቆጥሬያቸዋለሁ! ሕፃኗን ሳይቀር። ታዲያ የት ገቡ?

ግንቦት 8
ወይ ጉድ። አገኘሁት። ሬዲዮው ስለሚቆራረጥ ትእዛዙ ድምሩ በሦስት አሃዝ ይነገር፣ ከዚያ የዜሮው ብዛት ይባል የሚል ነው። ጋሽ ሙሄ አንድ መንደር ይደምራሉ፣ ትርፉን ጥለው ወደ ሦስት አሃዝ ያሳጥራሉ፣ በዚያው ላይ ሌላውን ይደምራሉ። 24,300 ላይ የአፋፉ 60 ሲጨመር 24,360። ሲያጥር፦ ሁለት መቶ አርባ ሦስት፣ ዜሮ ሁለት። ስልሳ ሰው ጠፋ! ቀጣዩም መንደር ከመቶ በታች ነው፤ እሱም ይጠፋል።
ይኼን እኮ ተምሬዋለሁ! ኮምፒዩተሩም ቁጥር የሚይዘው እንዲህ ነው። ጥቂት አሃዝ ለብቻ፣ የአሥርዮሽ ነጥቡ ቦታ ለብቻ። ነጥቡ ተንሳፋፊ ነው ይሉናል። መምህራችን ሁሌ ከትንሹ ጀምሩ ይል ነበር፤ ትንንሾቹ አስቀድመው እርስ በርስ ካልተደመሩ ትልቁ ይውጣቸዋል። ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩ።

ግንቦት 9
ለኃላፊው ለአቶ ካሳ አስረዳሁ። ከትንሹ ብንጀምር ድምሩ ይሞላል፣ እህሉም እስከ መጨረሻው ይደርሳል አልኩ። ሳቁ። ተራው በማዕረግ ነው፦ ከተማው፣ ደብሮቹ፣ ትልልቅ መንደሮች፤ አፋፉ መጨረሻ። ድሮም እንዲህ ነው የሚጻፈውም የሚታደለውም። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው በሩን ዘጉ። ትንሹን ከላይ አድርጊ ያለሽ ማነው? አ.አ. ሚኒስትሮች ይታሰራሉ፣ አንቺ እዚህ ተራ ትገለብጫለሽ? ስምሽን ለፖሊስ እንዳላስተላልፍ አሉ፣ ቀስ ብለው። ፈራሁ።

ግንቦት 12
ምራትየዋ ብቻዋን መጣች። ጋሽ ይመር መንገድ ላይ ቀሩ። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ናት፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ትተነፍሳለች። ጋሽ ሙሄ አላህ ይዘንላቸው ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ግንቦት 13፣ 3 ሰዓት
የሬዲዮው ሰዓት ደረሰ። አቶ ካሳ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ጫማቸው ይሰማኛል። ወረቀቱን ገልብጬ አዲስ ጻፍኩ። ከአፋፉ ይጀምሩ አልኳቸው ጋሽ ሙሄን። ትክ ብለው አዩኝ። በሩንም አዩ። ቢስሚላህ ብለው መነጋገሪያውን አነሱ።
«ስልሳ?» አሉኝ።
«ሃምሳ ዘጠኝ።»
እየተናገሩ ነው። ጫማው በሩ ላይ ቆመ። ደብተሬ፣ እኔ አላስቆማቸውም፤ ጋሽ ሙሄ ሁለተኛውን መንደር ጀምረዋል።