የሰማሁት ፈረንሳይኛ

እሑድ፣ መጋቢት 13፣ ሮተርዳም ዙይድ

እንደ ዛሬ በልጄ ተናድጄ አላውቅም።

ሳራና ባሏ ኦሊቪዬ እኔ ፊት ፈረንሳይኛ የሚያወሩት ስለማልሰማ ነው። ስለዚህ ከገና ጀምሮ ሥራ ስሄድ ሜትሮ ውስጥ ለጀማሪዎች የተቀዳ ንግግር አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ረጅም ቃል ይመስለኝ ነበር። ያንኑ ንግግር ደጋግሜ ስሰማው ነው ቃላቱ መለያየት የጀመሩት።

ዛሬ እኔ ቤት ምሳ መጡ። ሽሮውን ስጨልፍላቸው ኦሊቪዬ በፈረንሳይኛ፣ «ለእናትሽ መቼ ነው የምትነግሪያት?» አላት።

ሳራ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሊዮን ቤት ካገኘን በኋላ። አሁን ከነገርኳት ታለቅሳለች» አለችው።

ሁሉንም ቃል አልያዝኩም፣ ሐሳቡ ግን ይኼ ነበር። እናት፣ ሊዮን፣ ቤት፣ ታለቅሳለች። ሊዮን ፈረንሳይ አገር ያለች ከተማ ናት፤ ይኼ በቂዬ ነው።

«ምን ተባባላችሁ?» አልኳት በአማርኛ።

«ምንም እማዬ፣ ስለ ሥራ ነው።»

ዓይን ዓይኔን እያየች ዋሸችኝ። እኔ ሥራ በሌለኝ ቀን እነሱ ሥራ ሲሄዱ ልጃቸውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ! ጭልፋውን አስቀመጥኩና በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ «አላለቅስም። መቼ ነው የምትሄዱት?» አልኳቸው።

ኦሊቪዬ ፊቱ ቀላ። ሳራ ግን፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚን?» ብላ ጮኸችብኝ። ይቅርታ የለ፣ ማስረዳት የለ። ያናደዳት መዋሸቷ ሳይሆን የእኔ መስማት ነው። ወዲያው ልጃቸውን ካፖርት አልብሰው ወጡ።

እስካሁን አልደወለችም። እኔም አልደውልም።