የጋሽ መመለሻ፣ የፒያኖው መምህር፣ የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ መመለሻ» ይሏቸው የነበሩት አጎቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ግንቦት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ጣውላው ባጠረ ቁጥር ሲመታ ድምፁ ለምን እንደሚቀጥን እየጠየቁ አባታቸውን ሥራ ያስፈቱ እንደነበር ዘመድ ሁሉ ይመሰክራል።

በተማሩበት ትምህርት ቤት ሁለት ቁልፎቹ የማይሠሩ አሮጌ ፒያኖ ነበር። እዚያ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ዶ ሜጀርና ሶል ሜጀር የሚባሉት ቅኝቶች በአንድ ኖታ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤቶች ከሆኑ፣ መዝሙር ሰሚው ሳይነቃበት ከአንዱ ወደ ሌላው በየት በኩል ይሻገራል? ሁለቱ በሚጋሩት ኮርድ፣ አብረው በሚመቱ ኖታዎች፣ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ላ ማይነር ለምሳሌ በሁለቱም ቤት ቤተኛ ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል።

በ1964 ዓ.ም. በሙዚቃ መምህርነት ተመርቀው የመዘምራን አጃቢ ሆኑ። በመጀመሪያው ዝግጅት መዝሙሩን ከዶ ከፍ ወዳለው ሶል አሻገሩት፤ አሻገሩና በራሳቸው ሥራ ሲደነቁ መመለሱን ረሱት። መሪ ዘማሪቷ የመጨረሻውን ስንኝ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሽቅብ ዘመሩት። ከመድረክ እንደወረዱም «ይዘኸኝ ወጥተህ እዚያው ጥለኸኝ ትቀራለህ?» አሏቸው። አጎቴ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመላለሱ ከረሙ፤ በ1966 ዓ.ም. ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ከዚያ ወዲህ በኖታው ወረቀት ግርጌ መመለሻውን ሳይጽፉ ፒያኖ አይነኩም ነበር። ተማሪ አዲስ መሻገሪያ አገኘሁ ብሎ ሲሮጥ ቢመጣ የመጀመሪያ ቃላቸው «መመለሻውስ?» ነው። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ ወጣ። ጡረታ ወጥተው እንኳ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ በየትኛው ኖታ እንደሆነ ሳያጣሩ ከእሳት አያወርዱትም፤ ሁለት ማንቆርቆሪያ ያረረው በዚህ ነው።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል፤ እኛን የእህት ልጆቻቸውንም አጉድለውናል።

ዛሬ በሽኝታቸው የሚዘመረውን መዝሙር ሆስፒታል ተኝተው ራሳቸው አሰናዱት። ባለቤታቸው ወረቀቱን ቢያዩት ግርጌው ባዶ ነው። ረስተው መስሏቸው እስክሪብቶውን ሲያቀብሏቸው፣ «አልረሳሁም፤ እስቲ አሁን እዚያው ቆይቼ ልየው» አሏቸው።

ስለዚህ መዝሙሩ ሶል ላይ ሲቀር አጃቢው ተሳሳተ እንዳትሉ። የመጨረሻውን ስንኝ ባለቤታቸው ይመሩታል፤ ጉሮሮዬ ቢሰነጠቅም ብለዋል።

የተቀበላቸው አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለጥያቄያቸውም ትዕግሥቱን ያብዛ።